የልጅነት ሥዕሎቻችንን መለስ ብሎ መመርመርና ለሥዕል ትምህርት አሰጣጥ ያለው ጠቀሜታ

በትምህርት ቤቶቻችን የተማሪው የጽሕፈት ደብተር ይታረማል፤ የሒሳብ ፈተናው ይመዘገባል፤ የዓመቱም ውጤት በካርድ ተሞልቶ ለወላጅ ይሰጣል። የሥዕል ወረቀቱ ግን ነጥብ ከተሰጠበት በኋላ የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሣላቸውን ሥዕሎች በዓመታቸው ቅደም ተከተል ደርድሮ ሲመረምር ስለ ሕፃናት አስተሳሰብና ስለ መምህሩ ሥራ ምን ሊረዳ እንደሚችል ማብራራት ነው። ለማስረጃ የቀረቡት የራሴ ሥዕሎች ናቸው። ይህንም ያደረግሁት ልዩ ተሰጥዖ ስለሚታይባቸው አይደለም። እንዲያውም ተራ ሥዕሎች መሆናቸው ለጉዳዩ ይበልጥ የተመቹ አድርጓቸዋል።

እናቴ በ2014 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ፣ አርባዋ ወጥቶ ዕቃዋን ስናነሣ፣ ከአልጋዋ ሥር ከነበረው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከመሬት ግብር ደረሰኞችና ከመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷ ጋር 31 የሥዕል ወረቀቶች ተገኙ። ሁሉም የእኔ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በ1979 ዓ.ም. የ1ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የመጨረሻዎቹ በ1991 ዓ.ም. በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ የተሣሉ ናቸው። የአማርኛ ድርሰቶቼና የሒሳብ ደብተሮቼ ግን አንዳቸውም አልተገኙም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ በርበሬና ሽሮ ሲጠቀለልባቸው አይቻለሁ። እናቴ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቈጠረች ገበሬ ነበረች። ረጅም ጽሑፍ ማንበብ ይከብዳት ስለ ነበር፣ ከልጇ የትምህርት ሥራ መካከል ያለ ሰው እርዳታ ልትመረምረው የምትችለው ሥዕሉን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉን አስቀመጠች። በአብዛኞቹም ጀርባ ላይ ዓመቱን፣ አልፎ አልፎም አንድ ወይም ሁለት ቃል በእርሳስ ጽፋለች። ይህ የጀርባ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ባልተቻለ ነበር።

የልጅነት ሥዕልን ጠብቆ መመርመር እንግዳ ነገር አይደለም። በስዊዘርላንድ ተወልዶ ያደገው ሠዓሊ ፓውል ክሌ እ.ኤ.አ. በ1902 የልጅነት ሥዕሎቹን በወላጆቹ ቤት አግኝቶ፣ እስከዚያ ጊዜ ከሠራቸው ሁሉ የላቀ ቁም ነገር እንዳየባቸው ለእጮኛው ጽፎላታል። እ.ኤ.አ. በ1911 የሥራዎቹን መዝገብ ማዘጋጀት ሲጀምርም ከእነዚያ ሥዕሎች የተወሰኑትን በመዝገቡ መጀመሪያ ላይ አስገብቷቸዋል። ይሁን እንጂ ክሌ ያያቸው በሠዓሊ ዓይን ነው። ለመምህር ይበልጥ የሚቀርበው የፈረንሳዊው ምሁር የዦርዥ አንሪ ሉኬ ሥራ ነው። ሉኬ የሴት ልጁን ሥዕሎች ከጥቂት ዓመቷ ጀምሮ እየሰበሰበ፣ እያንዳንዱን በሣለችበት ጊዜ ምን እንዳለች እየመዘገበ፣ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትሟል። ሥዕሉ ብቻ ሳይሆን የልጁ ቃልም አብሮ መጠበቅ እንዳለበት ከዚህ ሥራ መረዳት ይቻላል።

የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ሥዕሎች

የእነዚህ ሁለት ዓመታት ሥዕሎች 11 ናቸው። ከእነርሱ ሁለቱን ልግለጽ። በአንደኛው ላይ ክብ የሣር ቤት አለ። በጣራው ጫፍ ጉልላቱ፣ በጉልላቱም ላይ የተደፋው ገንቦ ይታያል። ግድግዳው እንደ መስተዋት ውስጡን ያሳያል። ምሰሶው፣ ሦስቱ ጉልቻ፣ በአንድ ወገን የታሰረችው ላም፣ በሌላው ወገን ምጣድ ፊት የተቀመጠችው እናቴ፣ ሁሉም አንዱ ሌላውን ሳይጋርደው ተራ በተራ ቀርበዋል። እናቴ ከላሟ ትበልጣለች፤ ተቀምጣም ሳለ ከምሰሶው ልትስተካከል ጥቂት ይቀራታል። ቢጫው ቀለም እርድ፣ አረንጓዴው የቅጠል ጭማቂ ነው፤ ባለቀለም እርሳስ በቤታችን አልነበረም።

ሁለተኛው ሥዕል አውድማ ነው። አውድማው ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ክብ ተደርጎ ተሥሏል። የሚያበራዩት በሬዎች ግን ከጎን እንደሚታዩ ሆነው፣ እግሮቻቸውን ወደ ክቡ መካከል፣ ጀርባቸውን ወደ ውጭ አድርገው ዙሪያውን ተደርድረዋል። ወረቀቱን እያዞሩ ካላዩት በቀር ግማሾቹ በጀርባቸው የወደቁ ይመስላሉ። አባቴ መንሹን ይዞ ከመካከል ቆሟል።

እነዚህን ሥዕሎች ዓዋቂ ሲያያቸው የመጀመሪያ ሐሳቡ «ተሳስታለች» የሚል ይሆናል። ሉኬ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን የሚሥለው በአንድ ቦታ ቆሞ በዓይኑ የሚያየውን ሳይሆን ስለ ነገሩ የሚያውቀውን ነው። ቤት ውስጥ እሳትና እናት እንዳሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ግድግዳው አይከለክለውም። አውድማ ክብ እንደ ሆነ፣ በሬም አራት እግር እንዳለው ያውቃል፤ ሁለቱም እውቀት በአንድ ወረቀት ላይ እንዲገኝ በሬውን ወደ ውጭ ያጥፈዋል። ይህ አስቸጋሪ ችግር ነው፤ ሕፃኑም ማንም ሳያስተምረው በራሱ መላ ፈቶታል።

ከኦስትሪያ ተሰዶ በአሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፈልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዕድገት በደረጃ ከፍሎታል። በአጭሩ ከ2 እስከ 4 ዓመት የሙንጭርጭር፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት የቅርጽ ፍለጋ፣ ከ7 እስከ 9 ዓመት ለእያንዳንዱ ነገር የራስን ቋሚ ምልክት የማግኘት፣ ከ9 እስከ 11 ዓመት ሥዕሉ ነገሩን እንዲመስል የመፈለግ፣ ከዚያም በኋላ የገዛ ሥራን በዓዋቂ ዓይን የመንቀፍ ዘመን ነው። የዕድሜ ወሰኖቹን እንደ ድንበር ድንጋይ መቁጠር አይገባም። በገጠር ያደገ ልጅ ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚጨብጠው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። የእኔ ሙንጭርጭር ያለቀው በምድጃ አመድና በደጅ አፈር ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ እናቴም ልታስቀምጠው አልቻለችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። በአገራችን ጥንታዊ የአሣሣል ወግ ታላቁ ሰው ከታናሹ ገዝፎ ይሣላል፤ በአድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይን፣ ጠላት በጎን ፊት በአንድ ዓይን ይታያል። ሠዓሊው ይህን ያደረገው ማየት ተስኖት እንዳልሆነ ሁሉም ይስማማል። በርግጥ የሠዓሊው ሥራ ከመምህሩ የወረሰው ሥርዓት ነው፤ የሕፃኑ ግን የራሱ ግኝት ስለ ሆነ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይገባም። ነገር ግን በግድግዳችን ላይ ሰቅለን የምናከብረውን አቀራረብ በሕፃን ደብተር ላይ ስናገኘው በቀይ እስክሪብቶ መሰረዛችን ምን ያህል እንዳሰብንበት መጠየቅ ይኖርብናል።

የረዘሙት እጆች

ከ31ዱ ወረቀቶች አንዱ ብቻ በነጠላ ቁራጭ ለብቻው ተጠቅልሎ ነበር። በጀርባው ላይ የታላቅ ወንድሜ ስምና «1981» የሚል ቁጥር ተጽፏል። በዚያ ዓመት የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ተመልምሎ ከሄደ ጥቂት ወራት አልፈዋል። መምህራችን «ቤተሰባችሁን ሣሉ» ብለው አዘዙን።

በወረቀቱ ግራ ጫፍ ቤታችን አለ፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ በደጁ ቆመናል። በቀኝ ጫፍ ወንድሜ ብቻውን ቆሟል። በመካከል ምንም የለም፤ ዛፍም ሆነ መንገድ አልተሣለም። ከወንድሜ ትከሻ የተነሡ ሁለት እጆች ግን ባዶውን ወረቀት አቋርጠው እስከ ቤቱ ደጅ ይደርሳሉ። ከሥሩ በቀይ ቀለም «እጅ ረዝሟል፤ ተመጣጣኝ አድርጊ» የሚል ትእዛዝና 4/10 የሚል ነጥብ አለ። ላጲስ ስላልነበረኝ በምራቅ ባራስሁት ጣቴ ፍቄ እጆቹን እስከ ወገቡ አሳጥሬአቸዋለሁ። ወረቀቱ በዚያ በኩል ሊበሳ ደርሷል። ከአራቱ ነጥብ አጠገብ 7/10 የሚል አዲስ ነጥብ ተሰጥቷል። የተፋቁት እጆች ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት አሁንም ይታያሉ። ወንድሜ አልተመለሰም።

ሎወንፈልድ ሕፃናት የአካል ክፍሎችን መጠን የሚለውጡባቸውን ምክንያቶች በዝርዝር ተመልክቷል። በእርሱ አገላለጽ፣ በሥዕሉ ውስጥ የተጋነነው ክፍል ብዙውን ጊዜ ለልጁ በዚያ ሰዓት ከፍ ያለ ትርጉም ያለው ነው፤ የተተወው ወይም ያነሰው ደግሞ ለጊዜው የማያስፈልገው ነው። ኳስ የሚቀልብ ልጅ እጁ ይገዝፋል፤ የጥርስ ሕመምተኛ ጉንጩ ያብጣል። ይህን የሚያውቅ መምህር የረዘመ እጅ ሲያይ «ማን ነው ይህ? ምን እያደረገ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ከሰማ በኋላ የመጠን ትምህርት ማስተማር ቢፈልግ በሌላ ቀን፣ በሌላ ወረቀት፣ ለምሳሌ ጓደኛን አቁሞ በማየት ሊያስተምር ይችላል።

መምህሩን ለመውቀስ ይህን አላነሣሁም። በክፍሉ ውስጥ ከ70 የማናንስ ተማሪዎች ነበርን። እርሳቸውም ሥዕል ማለት የተመጣጠነ አካል ማለት እንደ ሆነ ተምረው የመጡ፣ ለሥራቸው የሚጨነቁ ሰው ነበሩ። ሁለተኛ ዕድል ሰጥተው ነጥቤን ማሻሻላቸው ራሱ የደግነት ምልክት ነው። ትምህርቱ ያልሰጣቸውን ጥያቄ ሊጠይቁኝ አይችሉም ነበር።

ከጥቁር ሰሌዳው የመጣው ቤት

በ1982 ዓ.ም. ከሣልኋቸው 6 ሥዕሎች መካከል አራቱ አንድ ቤት ናቸው። ግድግዳው አራት ማዕዘን፣ ጣራው በሁለት ወገን ያዘቀዘቀ፣ በጣራው ላይ ጢሱ የሚጠቀለል ጭስ ማውጫ ያለው፣ ከበሩ የሚነሣ ጠመዝማዛ መንገድ የተዘረጋለት፣ ከበስተኋላው በሁለት ተራሮች መካከል ፀሐይ የምትወጣበት ቤት ነው። አንባቢ መምህር ይህን ቤት ያውቀዋል። መምህሩ በጠመኔ ሥሎት እኛ ገልብጠነዋል። በመንደራችን ጭስ ማውጫ ያለው ቤት አልነበረም፤ ጢሱ የሚወጣው በሣሩ መካከል ሰርጎ ነው። ሰማይ ጠቀስ ገደል እንጂ የተጣመዱ ሦስት ማዕዘን ተራሮችም አልነበሩንም። በዚያ ዓመት ክቡ ቤት፣ ጉልላቱና የተደፋው ገንቦ ከሥዕሎቼ ጠፍተው ከዚያ በኋላ ተመልሰው አልመጡም። ነጥቡ 10/10 ነው።

ሎወንፈልድ በመጽሐፉ ውስጥ በምሳሌነት ያቀረበው የአንድ ሕፃን የወፍ ሥዕሎች ጉዳይ ለዚህ የቀረበ ነው። ሕፃኑ አስቀድሞ በራሱ መንገድ የተለያዩ ወፎችን ሥሏል፤ ቀጥሎም ለማቅለሚያ የታተመ የወፍ ቅርጽ ተሰጥቶት ቀለም ቀባ፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ሣል ሲባል የታተመውን ቅርጽ ደገመ። ስለዚህም ሎወንፈልድ ማስገልበጥን በጽኑ ተቃውሟል።

በዚህ ነጥብ ላይ ግን ምሁራን አልተስማሙም። ብሬንት ዊልሰንና ማርጆሪ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆች ከሌሎች ሥዕሎች መውሰዳቸው የተፈጥሮ ነገር እንደ ሆነና ሥዕልን እንደ ቋንቋ ከሌላው እየተቀበሉ እንደሚማሩት አስረድተዋል። የአገራችንም ወግ ይህን ይደግፋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሚሠለጥነው የመምህሩን ንድፍ እየደጋገመ ነው። እኔም በዚህ ረገድ ከሎወንፈልድ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከ5ኛ ክፍል ሥዕሎቼ መካከል አንዱ ከአጎቴ የግድግዳ ሥዕል ላይ በራሴ ፈቃድ የገለበጥሁት ፈረስ ነው። ኮርቻውን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ መስመሩ ሕይወት አለው። ልዩነቱ ልጁ አንድ ነገር ፈልጎ ምሳሌ በመሻቱና ምሳሌው ሳይፈልገው በፊቱ ተቀምጦ ነጥብ የሚለካበት በመሆኑ መካከል ነው። የፈረሱ ሥዕል መነሻው የእኔ ጥያቄ ሲሆን፣ ለቤቱ ሥዕል ግን ጥያቄ አልነበረኝም።

ማን ነው የሚፈርደው?

የቀሩትን ዓመታት በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ሥዕሎች 8 ሲሆኑ፣ ከፈረሱ በቀር የካርታ፣ የልብና የዓይን ንድፎች ናቸው። በ1986 ዓ.ም. ከተሣለው የዓይን ንድፍ በኋላ እስከ 1991 ዓ.ም. አንድም የለም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በማሠልጠኛ ተቋም ለትምህርት መርጃ መሣሪያ የሠራኋቸው፣ የአበባ ክፍሎችን የሚያሳዩ ሰንጠረዦች ናቸው። በማስመሪያ የተሠመሩ፣ ንጹሕና ትክክለኛ ናቸው። የማን እጅ እንደ ሠራቸው ግን ሊታወቅ አይችልም።

ሃዋርድ ጋርድነርና ኤለን ዊነር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን የኋልዮሽ ጉዞ ሲያብራሩ፣ የሥዕል ዕድገት በታናሽነት ከፍ ብሎ፣ በመካከለኛው የትምህርት ዕድሜ ዝቅ ብሎ፣ በጥቂቶች ብቻ እንደ ገና የሚነሣ መሆኑን ገልጸው ነበር። የእኔን 31 ወረቀቶች ደርድሬ ስመለከት መጀመሪያ የተስማማሁት በዚህ ነው። ይሁን እንጂ ዴቪድ ፓሪዘርና አክሰል ቫን ደን በርግ እ.ኤ.አ. በ1997 ባቀረቡት ጥናት፣ ተመሳሳይ ሥዕሎችን በካናዳ የሚኖሩ የቻይና ተወላጆች ሲዳኙ ያ ዝቅታ እንዳልታየ አሳይተዋል። ለእነርሱ ከፍ ያለ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ሥራ የተሻለ ነበር። ስለዚህ ዝቅታው በልጁ ሥዕል ላይ ነው ወይስ በዳኛው ዓይን የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም።

ይህን ጥያቄ የእናቴ ሳጥንም ያጠናክረዋል። ከጥቁር ሰሌዳ የገለበጥሁት ቤት ጀርባ የደረቀ የዱቄት ሙጫ አለበት፤ የጋዜጣ ፊደላትም ተገልብጠው ታትመውበታል። እናቴ በጋዜጣ በተለበጠው ግድግዳችን ላይ፣ እንግዳ በሚቀመጥበት በኩል፣ የለጠፈችው እሱን ነበር። ልጇ ተምራ ልትገባበት የምትችለውን ቤት አይታበት እንደ ሆነ እገምታለሁ። አውድማውንና ክቡን ቤት አልለጠፈችም፤ በየዕለቱ የምታየውን ለምን ትለጥፋለች? እኔ በሥርዓተ ትምህርት ባለሙያነቴ «የሞተ ሥዕል» ያልሁት ለእርሷ የተስፋ ሥዕል ነበር። በጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችው ግን የረዘሙትን እጆች ነው። በግድግዳው ላይ የሚለጠፈውንና በሳጥን የሚቀመጠውን ለይታ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ለመምህራን የምናዘጋጃቸው የመመዘኛ ቅጾች ለዚህ ልዩነት ቦታ የላቸውም።

የራሴ የእርማት ቀለም

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በአንደኛው እርከን ሥዕል ከሙዚቃና ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር በአንድነት ይሰጥ ጀመር፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍልም አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምርበት አሠራር ተስፋፋ። ተከታታይ ምዘናም በየጊዜው የሚመዘገብ ቁጥር ይፈልግ ነበር። እኔ ሥራ የጀመርሁት በዚህ ሁኔታ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የ3ኛ ክፍል መምህርት ሳለሁ «ገበያ ሣሉ» አልሁ። አንድ ልጅ ገበያውን ክብ አድርጎ፣ ሻጮቹንና ገዢዎቹን ወደ አራቱም ማዕዘን አጋድሞ ሣለው። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አሳየሁና «ይህ ገበያ ምን ሆኖ ነው? ሰዉ ሁሉ ተኝቷል» አልሁ። ክፍሉ ሣቀ። 3/10 ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ጠመኔዬ ሰሌዳው ላይ እስኪያርፍ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ ነበር፤ እኔም ሥርዓት ያዘ ብዬ ወደድሁለት። ከ19 ዓመት በኋላ የራሴን አውድማ ከእናቴ ሳጥን ሳወጣ ያ ገበያ ትዝ አለኝ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥዕል ናቸው። ልጁ አሁን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሥዕሉን ያስቀመጠለት ሰው ይኑር አይኑር የማውቅበት መንገድ የለኝም። በእኔ እጅ የቀረው በአሮጌው የውጤት መዝገብ ላይ የሰፈረው ቁጥር ብቻ ነው።

በኮሌጅ የተሞከረው አሠራር

በማገለግልበት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሠልጣኞች ጋር የምሠራው ልምምድ ከዚህ የተነሣ ነው። መጀመሪያ ያለ ምንም ማብራሪያ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቤት እንዲሥሉ እጠይቃለሁ። ከተለያዩ ወረዳዎች የመጡ፣ አብዛኞቹም በሣር ወይም በቆርቆሮ ቤት ያደጉ ናቸው። የሚሥሉት ግን ብዙውን ጊዜ ያንኑ ባለ ጭስ ማውጫ ቤት ነው። «በቤታችሁ ጭስ ማውጫ ያለው ማን ነው?» ስላቸው ይሣቃሉ። እኔም አብሬአቸው ስሠራ እጄ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሁለቱ ተዳፋት ጣራ ነው፤ ለማስቆም ጥረት ይጠይቀኛል። ቀጥሎ የልጅነት ሥዕል ያለው ሰው እንዲያመጣ ይጠየቃል። የሚያመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሌላቸው የሚያስታውሱትን አንድ ሥዕል ከእነ እርማቱ በቃል ይገልጻሉ። እርማቱን ከሥዕሉ ይልቅ አጥርተው ሲያስታውሱት በተደጋጋሚ አስተውያለሁ።

ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ደግሞ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የአንድ ሕፃን ሥዕሎችን ይሰበስባል። መመሪያው አጭር ነው። በሥዕሉ ፊት ላይ ምንም አይጻፍም። በጀርባው ቀን፣ የልጁ ዕድሜና ልጁ ራሱ ስለ ሥዕሉ የተናገረው ቃል እንዳለ ይሰፍራል። ምዘና ካስፈለገ በሌላ ወረቀት ይያዛል፤ የሚመዘነውም ልጁ አስቀድሞ ከሣለው ጋር ሲነጻጸር እንጂ ከሰሌዳው ጋር አይደለም። ባለፈው ዓመት አንዲት ሠልጣኝ ስድስት እግር ያላትን ፍየል ሥዕል ይዛ መጣች። «ልታረም ስል ጠየቅሁት» አለችኝ። በጀርባው የጻፈችው የልጁ መልስ «እየሮጠች ነው» የሚል ነው።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች በዚህ ጊዜ የወረቀትና የቦታ ጥያቄ ማንሣታቸው ተገቢ ነው። አንድ ክፍል 60 ተማሪዎች ቢኖሩት፣ ሁሉንም ሥዕል ማስቀመጥ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በየመንፈቀ ዓመቱ ልጁ ራሱ የመረጣቸው ሁለት ወረቀቶች ቢቀመጡ ለክፍሉ በዓመት 240 ወረቀት ይሆናል፤ ይህም በአንድ የዘይት ካርቶን ይበቃል። ልጁ 4ኛ ክፍልን ሲጨርስ 16 ወረቀቶች ይኖሩታል። መምህሩ ክፍሉን ሲያስረክብ ማኅደሩንም ለተረካቢው መምህር ያስረክባል፤ በ4ኛ ክፍል መጨረሻ ለወላጅ ይሰጣል። ተጨማሪ በጀት የሚጠይቀው ካርቶኑን ከእርጥበትና ከአይጥ የሚጠብቅ መደርደሪያ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ለየልጁ «ምንድን ነው ይህ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ 60 ልጆችን መጠየቅ የሚችል መምህር የለም። በአንድ ክፍለ ጊዜ አምስት ልጆች ቢጠየቁ ግን በ12 ክፍለ ጊዜ ሁሉም ይዳረሳሉ፤ ይህም ክፍለ ጊዜው በሌላ ትምህርት ካልተወሰደ ነው። የሥዕል ክፍለ ጊዜ በፈተና ሰሞን ለሒሳብ ማካካሻ እንደሚውል የማያውቅ አንባቢ አይኖርም፤ እኔም በመምህርትነቴ ዘመን አድርጌዋለሁ።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር የወንድሜን ሥዕል ለአዘጋጆቹ ለመላክ አስቤ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼው ነበር። አጫጭሮቹ እጆችና ሁለቱ ነጥቦች በደንብ ወጥተዋል። የተፋቁት ረጃጅም እጆች ግን በኮፒው ላይ አልታዩም፤ ስለዚህ ሳልልከው ቀረሁ።